ከሬይድ ዲስኮች አንዱ ሲበላሽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰርቨር ወይም በፋይል ማከማቻ ሣጥን ውስጥ ዲስክ ሲወድቅ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤአለሁ፤ ከቀላሉ እጀምራለሁ።

ሰርቨሩ «ዲስክ ተበላሽቷል» ይላል። ፋይሎቻችን ጠፉ ማለት ነው?

በአብዛኛው አልጠፉም። ሬይድ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ የሚያሠራ ዘዴ ነው። ከጥቂት ዓይነቶቹ በቀር አንድ ዲስክ ቢወድቅ ቀሪዎቹ ጉድለቱን ሸፍነው ሥራው እንዲቀጥል ተደርጎ የተሠራ ነው። ስብስቡ አሁን ያለበትን ሁኔታ ባለሙያዎች «ዲግሬድድ» ይሉታል፤ ጎደሎ ነው፣ ነገር ግን ይሠራል። ሠራተኞች ምንም ሳያውቁ ፋይል ሲከፍቱና ሲያስቀምጡ ሊውሉ ይችላሉ፤ ቢበዛ ትንሽ ይዘገይባቸዋል።

በዚህ ሥራ ላይ ደጋግሜ ያየሁት፣ መረጃ የሚጠፋው ዲስኩ በወደቀበት ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት መሆኑን ነው። ሰው ይደነግጣል፤ ጤነኛው ዲስክ ይነቀላል፣ ምንነቱ ያልታወቀ ቁልፍ ይጫናል፣ «ኢኒሺያላይዝ ይደረግ?» (ዲስኩ እንደ አዲስ ይዘጋጅ?) ለሚል ጥያቄ «አዎ» ይባላል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ይህን ገጽ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ለማንበብ የሚፈጀው ሩብ ሰዓት አይጎዳዎትም።

ስንት ዲስክ እስኪበላሽ ድረስ ነው የምንተርፈው?

እንደ ሬይዱ ዓይነት ይለያያል። ሬይድ 0 ፍጥነት ብቻ ነው፤ አንድ ዲስክ ከሄደ ሁሉም ሄደ። ሬይድ 1 አንዱን ዲስክ በሌላው ላይ እንዳለ ይገለብጣል፤ ከሁለቱ አንዱ ቢቀር በቂ ነው። ሬይድ 5 ቢያንስ 3 ዲስክ ይፈልጋል፣ የሚችለውም የ1 ዲስክን መጥፋት ነው። ሬይድ 6 ቢያንስ በ4 ዲስክ ይሠራና የ2 ዲስክን መጥፋት ይችላል። ሬይድ 10 ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተገለበጡ ዲስኮች ስብስብ ነው፤ ሁለት ዲስክ ቢወድቅ ከተለያየ ጥንድ ከሆኑ ይተርፋል፣ ከአንድ ጥንድ ከሆኑ ግን አይተርፍም።

የዲስኮቹ ቁጥር ሲጨምር ከመካከላቸው አንዱ የሚበላሽበት ዕድልም አብሮ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1988 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሬይድ የሚለውን ስም ሲያወጡለት ብዙ ርካሽ ዲስኮችን ማጣመርን አንድ ውድ ዲስክ ከመግዛት አስበልጠው ነበር። ያለ መከላከያ ከሆነ ግን ጥምሩ ከአንዱ ዲስክ ይልቅ ቶሎ ቶሎ እንደሚወድቅ ያኔውኑ አስልተውታል።

ሬይድ ካለን መጠባበቂያ ቅጂ ለምን ያስፈልገናል?

ሬይድ የሚከላከለው ከዲስክ መበላሸት ብቻ ስለሆነ። ሠራተኛ በስህተት የሰረዘው ፋይል ከሁሉም ዲስኮች እኩል ይሰረዛል። ቫይረስ የቆለፈው ፋይል በሁሉም ላይ እኩል ይቆለፋል። እሳት፣ ሌባና መብረቅ ደግሞ ሣጥኑን እንዳለ ይወስዱታል። ከሰርቨሩ ውጭ፣ ከተቻለም ከሕንፃው ውጭ የተቀመጠ ቅጂ ያለው ሰው የሚቀጥሉትን ጥያቄዎች ተረጋግቶ ያነባቸዋል።

ዲስኩ ከሞተ በላዩ የነበረው መረጃ ከየት ይመጣል?

ከሌሎቹ ዲስኮች ተሰልቶ ይመጣል። አራት ዲስክ ያለው ሬይድ 5 እንውሰድ። በአንድ ረድፍ ላይ ሦስቱ ዲስኮች 1፣ 0 እና 1 ይዘዋል እንበል። ሕጉ በረድፉ ውስጥ ያሉት የ1 ብዛት ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ለሁለት የሚካፈል ይሁን የሚል ነው። ሁለት 1 ስላለ አራተኛው ዲስክ 0 ይጻፍበታል፤ ይህ ቁጥር ፓሪቲ ይባላል። አሁን የመጀመሪያው ዲስክ ይሙት። የቀሩት 0፣ 1 እና 0 ናቸው፤ ያለው 1 አንድ ብቻ ነው፤ ሕጉ እንዲሞላ የጎደለው 1 መሆን አለበት። የነበረውም እሱ ነው።

ኮምፒውተሩ ይህንኑ ስሌት በዲስኩ ላይ ላለ እያንዳንዱ ቢት ይደግመዋል። ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ፦ የአንዱን ዲስክ ይዘት መልሶ ለማግኘት የቀሩት ዲስኮች ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መነበብ አለባቸው። ከታች የሚመጡት ከባድ ጥያቄዎች ሁሉ መነሻቸው ይህ ነው።

ታዲያ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሰርቨሩን አያጥፉ፣ ዳግምም አያስነሱ። ለዓመታት ሳያርፍ ሲሽከረከር የኖረ ዲስክ አንዴ ከቆመ በኋላ ላይነሳ ይችላል። በስክሪኑ ላይ ያለውን መልእክት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ የዲስኮቹን ዝርዝር፣ የሬይዱን ዓይነትና የሚታየውን ስህተት ይመዝግቡ። ቀጥሎ ቢጠፋ የማይተካውን ፎልደር፣ የሂሳብ መዝገቡን፣ የደንበኞችን ፋይል፣ ዳታቤዙን፣ ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡ። አዲስ ዲስክ ማስገባት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ዲስኩን ይቀይርና መልሶ ግንባታውን፣ ማለትም የጠፋው ይዘት ተሰልቶ በአዲሱ ዲስክ ላይ የሚጻፍበትን ሥራ፣ ያስጀምራል፣ ሁለተኛው ዲስክ መንገድ ላይ ሲወድቅ ግን በእጁ ምንም ቅጂ የለም።

ከዚህ የተለየ የሚሆነው አንድ ጊዜ ነው። ዲስኮቹ የመንቋቋት ወይም የመፋቅ ድምፅ የሚያሰሙ ከሆነ፣ ወይም ስብስቡ ከነጭራሹ ቆሞ ከሆነ፣ ያጥፉት።

የተበላሸው ዲስክ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

በመለያ ቁጥሩ። በሌላ በምንም አይደለም። ሶፍትዌሩ የሞተውን ዲስክ መለያ ቁጥር ይነግርዎታል፤ ያው ቁጥር በዲስኩ ወረቀት ላይ ታትሟል። ሰርቨሩ መብራት የሚያበራ ትሪ (ዲስኩ የሚገባበት መሳቢያ) ካለው የዲስኩን መብራት ብልጭ ድርግም አድርገው ያረጋግጡ። በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ላይ ለዲስኮች የሚሰጡት «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ» የሚሉት ስሞች ሰርቨሩ ዳግም ሲነሳ ሊቀያየሩ ስለሚችሉ አይመኑባቸው።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሆነውን ልንገርዎ። አራት ዲስክ ያለው ሬይድ 5 ነበር፤ አርብ ዕለት አንዱ ወደቀ። ሶፍትዌሩ «ዲስክ 3» አለ። ሰኞ ጠዋት ቴክኒሻኑ ከላይ ወደ ታች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረና ሦስተኛውን ነቀለ። ሶፍትዌሩ ግን የሚቆጥረው ከ0 ጀምሮ ነበርና የሞተው አራተኛው ነው። ጤነኛው በመነቀሉ ስብስቡ ወዲያው ቆመ፤ ከሂሳብ ክፍል እስከ መዝገብ ቤት ሁሉም ስክሪን ደረቀ። ቴክኒሻኑ አንድ ትክክለኛ ነገር አደረገ፤ ምንም ሳይጫን ስልክ ደወለ። እንዴት እንደተመለሰ ከታች እነግርዎታለሁ። ለአሁኑ የእርስዎ ሬይድ ጤነኛ ሳለ በየትሪው ፊት ላይ የዲስኩን መለያ ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞች ጽፈው ይለጥፉ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ዲስኩ በእርግጥ ሞቷል? ኬብሉ ሊሆን አይችልም?

ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ዲስኮች ስለ ጤንነታቸው ስማርት የሚባል መዝገብ ይይዛሉ። በዚያ ውስጥ ቁጥር 5 የተተኩ ሴክተሮችን (ሴክተር ዲስኩ የተከፋፈለባት ትንሿ የመረጃ ቦታ ናት)፣ ቁጥር 197 መነበብ አቅቷቸው ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮችን፣ ቁጥር 198 ፈጽሞ ያልተነበቡትን ይቆጥራል። እነዚህ እየጨመሩ ከሆነ ዲስኩ እየሞተ ነው። እነሱ 0 ሆነው ቁጥር 199 ብቻ የሚያድግ ከሆነ ግን ችግሩ በዲስኩና በሰርቨሩ መካከል ባለው መስመር ላይ ነው፤ ኬብሉን ይቀይሩ፣ ትሪውን ነቅለው በደንብ ያስገቡ።

ሌላም አለ። ለቤት ኮምፒውተር የተሠራ ዲስክ መጥፎ ሴክተር ሲገጥመው ለማንበብ ሲታገል ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ሊኑክስ በራሱ ልማድ የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ «ይህ ዲስክ አይመልስም» ብሎ ሊያስወጣው ይችላል። ለሬይድ የተሠሩ ዲስኮች 7 ሰከንድ ያህል ሞክረው ስህተቱን ያሳውቃሉ፤ ሬይዱም ከሌሎቹ ዲስኮች አስልቶ ይሞላዋል። በአንዲት መጥፎ ሴክተር ምክንያት ዲስክ በሞላ እየተባረረ የሚቸገር ሰው ብዙውን ጊዜ የገዛው የቤት ዲስክ ነው።

ምትክ ዲስክ ስገዛ ምን ልመልከት?

መጠኑ ከድሮው እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። በአንድ ሴክተር እንኳ ቢጎድል ሬይዱ ላይቀበለው ይችላል፤ ሁለት አምራቾች «4 ቴራባይት» ብለው የሚሸጧቸው ዲስኮች ደግሞ ሁልጊዜ እኩል አይደሉም። ትራኮቹ እንደ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው የሚጻፉበትን፣ «ኤስኤምአር» የሚባለውን ዓይነት ይተዉት። ለረጅም ጊዜ ሲጻፍበት ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል፣ መልሶ ግንባታ ማለትም ሳያቋርጡ መጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለፋይል ማከማቻ ከሚሸጣቸው የ«ሬድ» ዲስኮች አንዳንዶቹ በዚህ መንገድ የተሠሩ መሆናቸውን ሲያምን ብዙ ተጠቃሚ የተቆጣው ለዚህ ነበር።

እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ነገር ይመርምሩ። «አዲስ» ተብሎ የተሸጠልዎትን ዲስክ ስማርት መዝገብ ከፍተው ቁጥር 9 ላይ ይመልከቱ፤ ዲስኩ በርቶ የቆየባቸውን ሰዓታት ይቆጥራል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። 35,000 የሚል ካዩ አራት ዓመት የሠራ ዲስክ ነው የያዙት። ሻጩ ፊት፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ያስከፍቱት።

ሰርቨሩን ሳላጠፋ ዲስክ መቀየር እችላለሁ?

ከፊት ለፊት የሚሳብ ትሪ ካለውና ሰርቨሩ ይህን እንደሚፈቅድ መመሪያው ከገለጸ፣ አዎ። የሞተውን ይሳቡ፣ መሽከርከሩን እስኪያቆም ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቁ፣ አዲሱን ያስገቡ። ዲስኩ በሣጥኑ ውስጥ በኬብል የታሰረ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቅጂዎን ወስደው ከዚያ በሥርዓቱ ያጥፉ።

መልሶ ግንባታው ስንት ሰዓት ይፈጃል? እየሠራን መቀጠል እንችላለን?

ባለሙያዎች «ሪቢልድ» የሚሉት ይህ ሥራ በዲስኩ መጠንና በፍጥነቱ ይወሰናል። 8 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢጻፍበት 15 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ይህም ማንም ካልነካው ነው። ሠራተኞች ሰርቨሩን ሲጠቀሙ ሊኑክስ መልሶ ግንባታውን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ዋስትና የሚሰጠው ዝቅተኛ ፍጥነት በሰከንድ 1,000 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በዚያ ፍጥነት 8 ቴራባይት ከ90 ቀን በላይ ይጠይቃል። ይህን ወለል ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ የእኔ ምክር ግን ዓርብ ማታ ጀምረው ቅዳሜና እሑድን ለዲስኮቹ እንዲተዉላቸው ነው።

በእነዚህ ሰዓታት ዲስኮቹ ይሞቃሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ማራገቢያ ከቆላው ያነሰ ሙቀት ነው የሚወስደው። በብዙ ዲስኮች መግለጫ ላይ የሚፈቀደው ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ስለሆነ ከተማዋ ከገደቡ ውስጥ ናት፤ ቢሆንም በአቧራ የታፈነ ማራገቢያ እዚህ ይቅር አይባልም። መልሶ ግንባታውን ከማስጀመርዎ በፊት አቧራውን ያጽዱ፣ የክፍሉን በር ይክፈቱ።

መልሶ ግንባታው መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

በሥርዓቱ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ካቆመበት አካባቢ ይቀጥላል። ችግር የሚሆነው ድንገት ሲጠፋ ነው። ሬይድ 5 አንድ ረድፍ ሲጽፍ መረጃውንም ፓሪቲውንም ያድሳል፤ በሁለቱ መካከል ኃይል ከተቋረጠ ሁለቱ አይጣጣሙም። ስብስቡ ሙሉ ከሆነ ይህ ይታረማል። ጎደሎ ከሆነ ግን የጠፋው ዲስክ የሚሰላው ከእነዚያው የማይጣጣሙ ቁጥሮች ስለሆነ ውጤቱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ሊኑክስ በዚህ ሁኔታ ስብስቡን በራሱ አላስነሳም ብሎ ይቆማል። ይህ ሲገጥምዎት አይደንግጡ፤ ውሳኔውን ለእርስዎ መተዉ ነው።

ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ መልሶ ግንባታ አይጀምሩ። የዩፒኤሱ ባትሪ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚያቆይ መሆኑንም ቀድመው ይሞክሩት፤ ብዙ ዩፒኤስ የሚጮኽ ብቻ ሆኖ ይገኛል። የራሱ ባትሪ ያለው የሬይድ ኮንትሮለር (ሬይዱን የሚያስተዳድር ካርድ) ካለዎት የዚያንም ባትሪ ዕድሜ ይመልከቱ።

መልሶ ግንባታው 60 ከመቶ ላይ ሳለ ሁለተኛ ዲስክ ወደቀ። አለቀልን?

ሬይድ 5 ከሆነ ሁኔታው ከባድ ነው፤ ነገር ግን አላለቀም። ሁለተኛው ዲስክ ብዙ ጊዜ ሞቶ ሳይሆን አንዲት ሴክተር ማንበብ አቅቶት ነው የተባረረው። አምራቾች ለቤት ዲስክ በተለምዶ የሚጽፉት ጣሪያ ከ100 ትሪሊዮን ቢት ንባብ አንድ ስህተት የሚል ነው፤ ይህም 12.5 ቴራባይት ገደማ ነው። ብዙ ዲስኮች ከዚህ የተሻሉ ናቸው፤ ሆኖም ሦስት ባለ 8 ቴራባይት ዲስኮችን በሙሉ ማንበብ 24 ቴራባይት መሆኑን ያስቡ። ለወራት ማንም ያልነካው ፋይል ሥር የተደበቀ መጥፎ ሴክተር የሚገለጠው ያን ቀን ነው። ደቢያን ሊኑክስ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁሉንም ዲስኮች አንብቦ የሚያጣራው ይህ ቀን ሳይመጣ ለመቅደም ነው።

አሁን ወደዚያ መሥሪያ ቤት እንመለስ። ሊኑክስ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ የክንውን ቆጣሪ ይጽፋል፤ በስብስቡ ላይ ለውጥ ሲመዘገብ ይጨምራል። የአራቱን ዲስኮች ቆጣሪ ስናነብ ሁለቱ 48,210፣ በስህተት የተነቀለው 48,207፣ አርብ የሞተው 47,020 አሉ። ታሪኩ ቁልጭ ብሎ ታየ። የተነቀለው ዲስክ ከጓደኞቹ የሚለየው በሦስት ብቻ ነው፤ የሞተው ግን በመካከሉ የተጻፈውን ሁሉ አያውቅም። ስለዚህ ሦስቱን ብቻ የሊኑክስን ሬይድ በሚያስተዳድረው «ኤምዲአድም» ፕሮግራም «አሰምብል» ከሚለው ትእዛዝና «ፎርስ» ከሚለው አማራጭ ጋር አስነሳናቸው፤ የሞተውን አልጨመርንም። ፋይሎቹ ተመለሱ። ዲስኮቹን ያለ ልዩነት አራቱንም በግድ ብናስነሳ ኖሮ የአርብ መረጃ ከሰኞው ጋር ተደባልቆ ይበላሽ ነበር።

እርስዎ ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን የታመመውን ዲስክ «ዲዲ ሬስኪው» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ አዲስ ዲስክ ይገልብጡት። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይወስዳል፣ ወደ መጥፎዎቹ ቦታዎች መጨረሻ ላይ ይመለሳል፣ የደረሰበትንም በፋይል ስለሚመዘግብ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ምንጩንና መድረሻውን ሦስት ጊዜ ያረጋግጡ፤ ከተገለባበጡ ባዶው ዲስክ በመረጃዎ ላይ ይጻፋል። ከዚያ ስብስቡን በቅጂው ያስነሱ። ጥቂት ሴክተሮች ቢጎድሉ ምናልባት አንድ ሁለት ፋይል ይበላሻል፤ ቀሪው ይተርፋል።

ኮንትሮለሩ «ፎሪን ኮንፊገሬሽን» ይላል። «ኢምፖርት» ነው ወይስ «ክሊር»?

«ክሊር» አይንኩ። ኮንትሮለሩ የሚልዎት «በእነዚህ ዲስኮች ላይ እኔ የማላውቀው የሬይድ መግለጫ ተጽፎ አገኘሁ» ነው። ኮንትሮለር ሲቀየር ወይም ብዙ ዲስኮች በአንዴ ወጥተው ሲገቡ ይህ መጠበቅ ያለበት ነው። «ኢምፖርት» ያንን መግለጫ ያነበዋል፤ «ክሊር» ያጠፋዋል። ኢምፖርት ከማድረግዎ በፊትም ኮንትሮለሩ የሚያሳየውን ቅድመ እይታ ይመልከቱ፤ ቀድሞ የሞተ አሮጌ ዲስክ ገብቶ ከሆነ ያውጡት። የተቃጠለ ኮንትሮለር ሲተካ ከዚያው አምራችና ከዚያው ቤተሰብ ይሁን። በሊኑክስ ሶፍትዌር የተሠራ ሬይድ ይህ ጭንቀት የለበትም፤ ዲስኮቹን ወደ ማንኛውም ሊኑክስ ኮምፒውተር ማዛወር ይቻላል።

በድንጋጤ «ክሪኤት» ብዬ አዲስ ሬይድ ፈጠርኩ። አሁንስ?

በዚሁ ሰከንድ ያቁሙ። «ክሪኤት» በዲስኮቹ ላይ የነበረውን መግለጫ በአዲስ ይተካል፣ ከዚያም ፓሪቲውን እንደገና መጻፍ ይጀምራል። ያጠፋው መግለጫውን ብቻ ከሆነ ፋይሎችዎ አሁንም እዚያው ናቸው፤ የጠፋው እንዴት እንደሚገጣጠሙ የሚናገረው ካርታ ነው። ካርታውን ለመመለስ የዲስኮቹ ቅደም ተከተል፣ የቁራሹ (በየዲስኩ ተራ በተራ የሚጻፈው የመረጃ ክፍል) መጠንና መረጃው የሚጀምርበት ቦታ መታወቅ አለባቸው። የአዳዲስ «ኤምዲአድም» ልማድ የ512 ኪሎባይት ቁራሽ ነው፤ የድሮዎቹ 64 ነበር። ስለዚህ በድሮ ስሪት የተሠራ ሬይድ በአዲሱ ልማድ ሲፈጠር አይገጥምም። መጀመሪያ ያነሱት ፎቶ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ሙከራ ሲደረግ በዋናዎቹ ዲስኮች ላይ አንዲት ቢት እንኳ መጻፍ የለበትም። በቅጂ ላይ ይሞከር፤ ወይም ሊኑክስ ጽሑፉን ሁሉ ወደ ሌላ ፋይል እንዲያዞር የሚያደርግ መጋረጃ በዲስኮቹ ላይ ይዘርጋ። ሃያ አራት የቅደም ተከተል አማራጭ ቢኖር ሃያ አራቱንም ያለ ፍርሃት መሞከር የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሬይዱ ተነሣ፣ ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች የት እንዳሉ የሚመዘግበው ሥርዓት) ግን «ጥገና ያስፈልገኛል» ይላል። ልጠግነው?

ገና አይጠግኑት። ዲስኮቹ በተሳሳተ ቅደም ተከተል ተገጣጥመው ከሆነ የጥገና ፕሮግራሙ ጤነኛውን መረጃ «ብልሽት» ብሎ ያጠፋዋል። መጀመሪያ ምንም ሳይጽፍ እንዲመረምር ብቻ ያዝዙት። ጥቂት ስህተት ካገኘ መብራት ሲጠፋ የሚፈጠረው ዓይነት ነው። በሺዎች የሚቆጠር ስህተት ካዘነበ ግን ጥፋቱ ከግጥሙ ነው፤ ወደ ኋላ ይመለሱ። ለማንበብ ብቻ ከፍተው አንድ ትልቅ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ይመልከቱ፤ ከቁራሹ መጠን የሚበልጥ ፋይል ሳይቆራረጥ ከተከፈተ ግጥሙ ትክክል የመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ትንሽ የጽሑፍ ፋይል መከፈቱ ግን በአንድ ቁራሽ ውስጥ ሊያርፍ ስለሚችል ምንም አያረጋግጥም።

መቼ ነው ለባለሙያ መስጠት ያለብኝ? ምንስ ይዤ ልሂድ?

ዲስኩ ሲንቋቋ፣ ኮምፒውተሩ ከነጭራሹ ሳያየው ሲቀር፣ ወይም ከሚችለው በላይ ዲስክ ሲሞትና ቅጂ ከሌለዎት። ዲስክ በራስዎ አይክፈቱ፤ የሚያነበው ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ሰሌዳ የሚርቀው ከአቧራ ቅንጣት ባነሰ ክፍተት ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባው የሚልዎትንም አይስሙ፤ ሲወጣ በላዩ የሚጤዘው ውሃ የቀረውን ይጨርሰዋል።

ሲሄዱ ሁሉንም ዲስኮች ይያዙ፤ መጀመሪያ የሞተውንም ጭምር። ለሁለተኛው ያልተነበበች ሴክተር ከመጀመሪያው ላይ ልትገኝ ትችላለች። በእያንዳንዱ ላይ የነበረበትን ትሪ ቁጥር ይጻፉ፣ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ በሚከላከል ከረጢት ለየብቻ ያሽጓቸው፣ በመካከላቸው ስፖንጅ ያድርጉ። በአንድ ወረቀት ላይ የሬይዱን ዓይነት፣ የኮንትሮለሩን ሞዴል፣ የትኛው ዲስክ መቼ እንደወደቀና ከዚያ በኋላ የጫኑትን ቁልፍ ሁሉ በተራ ይጻፉ። ያፈሩበትንም አይተዉት፤ ባለሙያው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው እሱን ነው።